ጥሩምባ ነፊውና ሟቿ

(ደብረ ብርሃን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ የእድር ጥሩምባ ነፊው ማንደፍሮ አንድ መዋእለ ሕፃናት በር ላይ ግድግዳ ተደግፎ፣ እግሩ እንጂ ልቡ ሳይመጣ ቆሟል፤ ባለፈው ሳምንት በሕይወት እያለች ሞተች ብሎ የለፈፈባት ጡረተኛዋ ርዕሰ መምህርት ወይዘሮ አስናቀች መሸሻ መንገዱን ዘግታበታለች።)

ማንደፍሮ፦ አልገባም አልኩ፣ አልገባም! ሌላ ቅጣት ይፍረዱብኝ። የእድሩን ድንኳን ብቻዬን ልሸከም፣ ብረት ድስቱን ልጠብ፣ መቃብር ልቆፍር።

አስናቀች፦ የማንን መቃብር? የኔንማ አስቆፍረኸዋል።

ማንደፍሮ፦ ግማሹ ነው የተቆፈረው።

አስናቀች፦ ግማሹ! እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የራራህልኝ።

ማንደፍሮ፦ እትዬ አስናቀች፣ ሰው ይስታል እኮ። ሰው ሆኖ የማይስት፣ እንጨት ሆኖ የማይጤስ የለም።

አስናቀች፦ ስህተትማ የሰው ስም ማቀያየር ነው። ስህተትማ ወጥ ላይ ጨው መድገም ነው። አንተ ገና ወፍ ሲንጫጫ ተነስተህ፣ ሰፈሩን በጥሩምባ አናውጠህ "ወይዘሮ አስናቀች አርፈዋል፣ ቀብር ዘጠኝ ሰዓት" ነው ያልከው። ሰዓት ሁሉ ቆርጠህልኛል! ማን አስቸኮለህ?

ማንደፍሮ፦ ዘጠኝ ሰዓት የተለመደ ነው።

አስናቀች፦ የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል። ደግሞ ምን ያስቅሃል?

ማንደፍሮ፦ አልሳቅሁም፤ ብርዱ ነው።

አስናቀች፦ ጋቢዬን ደርቤ ብወጣ ሴቱ ደረቱን ይደቃል፣ ወንዱ ድንኳን ይተክላል። የባለቤቴ ወንድም የቤቱን ቁልፍ ይጠይቃል። የራሴን ንፍሮ በላሁ እኮ! እሱም ጨው አንሶታል። ለኔ ለኔ ጨው ይሰስቱ?

ማንደፍሮ፦ መልካም ነገር ግን ተብሎልዎታል። የእድሩ ዳኛ "ልጆቻችንን ሰው ያደረገች" እያለ አልነበር?

አስናቀች፦ በሩ ላይ ቆሜ ሲያየኝ ጊዜ ደግሞ "በአለንጋ" ብሎ ጨመረበት። ተወኝ እባክህ። ነገ እሁድ እድሩ ይሰበሰባል። ምን ነበር የተባለው? አንተው በአፍህ ንገረኝ።

ማንደፍሮ፦ "የተበደለችው ትፍረድ" ተባለ።

አስናቀች፦ ምን ፈረድኩ?

ማንደፍሮ፦ "መጠጥ የሚያቆሙ ሰዎች ስብሰባ ገብቶ ይቀመጥ፤ አለዚያ ጥሩምባውን ያስረክብ" አሉ። የአባቴን ጥሩምባ! አባቴ ሳንባው እስኪደርቅ የነፋውን! ሜጋፎን ገዝተው ለባለ ባጃጁ ሊሰጡት ነው። እስቲ ይፍረዱ፣ አሁን ሰው መርዶውን ከባጃጅ ይሰማል?

አስናቀች፦ ባጃጅ ቢሆን ኖሮ እኔ አልሞትም ነበር። ግባ።

ማንደፍሮ፦ ቤቱስ ቢሆን! ይሄ ምን ቤት ነው? መዋእለ ሕፃናት! በሩ ላይ ዳክዬ ተስሎበታል። እኔ ማንደፍሮ፣ ስንቱን ትልቅ ሰው በክብር የሸኘሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ በዳክዬ ስር ሾልኬ ልግባ?

አስናቀች፦ ቅዳሜ ልጆቹ የሉም። ባለቤቷ ደግ ሴት ናት፣ ክፍሉን በነጻ ሰጥታቸዋለች።

ማንደፍሮ፦ ታፔላ እንኳ የለውም። ጠላ ቤት በዘንግ ላይ ጣሳ ሰቅሎ "እዚህ ነኝ" ይላል። አረቄ ቤት በጠረኑ ይታወቃል። ይሄ ምን ይላል? ጭጭ! ተደብቆ የሚሠራ ነገር ደግ ነው እንዴ?

አስናቀች፦ በኛ አገር ሰው ሲጠጣ በአደባባይ ነው፤ ሊያቆም ሲል ነው የሚደበቀው። ለዚህ ነው ታፔላ የሌለው።

ማንደፍሮ፦ ታዲያ እርስዎ በምን አገኙት?

አስናቀች፦ ጠይቄ ነዋ።

ማንደፍሮ፦ ማንን?

አስናቀች፦ ሰው። መጀመሪያ ንስሐ አባቴን ጠየቅሁ፤ እሳቸው ጠበል አሉ። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ደግሞ የስልክ ቁጥር ሰጠችኝ። ስደውል አንድ ሰውዬ "ቅዳሜ ስምንት ሰዓት፣ ዳክዬ ያለበት በር፣ አያንኳኩ፣ ገፋ አድርገው ይግቡ" አለኝ።

ማንደፍሮ፦ ይሄን ሁሉ ለኔ ብለው ደከሙ?

አስናቀች፦ ድንቄም ለአንተ! ለእድሩ ብዬ ነው። ነገ ተነስቶ ደግሞ ማንን ይገድል ይሆን ብዬ።

ማንደፍሮ፦ በመስኮቱ አጮልቄ አይቻቸዋለሁ። አይ መከራ! ትልልቅ ሰዎች የሕፃን ወንበር ላይ ተኮልኩለው፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ። ከኋላቸው ሀ ሁ ተለጥፏል። አንዱ ያለቅሳል፣ የቀረው ያጨበጭብለታል። ይሄ ለቅሶ ነው ሰርግ?

አስናቀች፦ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። አንተን ማን ጠየቀህ?

ማንደፍሮ፦ የሚጠጡት ደግሞ ሻይ! የጠጪ ማህበር ሻይ ሲጠጣ! እስቲ ማህበር ከሆነ የማን ማህበር ነው? የሚካኤል ነው? የማርያም ነው? ተረኛ ደጋሹ ማነው? ጠላ የሌለበት ማህበር አይቼም ሰምቼም አላውቅ።

አስናቀች፦ የማንም አይደለም፣ የጠጪዎች ነው። ደጋሽ የለም፣ ጠላ የለም። አንዱ ይነሳና ስሙን ይናገራል። የአባት ስም አይጠየቅም። ከዚያ "ጠጪ ነኝ" ይላል። ከፈለገ የሆነውን ያወራል፣ ካልፈለገ ይቀመጣል። ማንም አይመክረው፣ ማንም አያቋርጠው።

ማንደፍሮ፦ ማንም አያቋርጥም? እንግዲያው እርስዎ ሊገቡ አይችሉማ።

አስናቀች፦ ብልግናህን ተው!

ማንደፍሮ፦ እሺ "ጠጪ ነኝ" ማለት ራሱ ምን ፈውስ አለው? እኔ እየተንገዳገድኩ በገባሁ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ሲልልኝ ኖሯል። በዚያ መዳን ቢኖር ይሄኔ መልአክ ነበርኩ።

አስናቀች፦ ሌላ ሲልህና ራስህ ስትለው አንድ አይደለም። ልትለው ስትል ጉሮሮህ ላይ ይሰነቀራል፣ እንደ አጥንት። ወይ አይወጣ፣ ወይ አይወርድ።

ማንደፍሮ፦ እርስዎ በምን አወቁ?

አስናቀች፦ ተነገረኝ።

ማንደፍሮ፦ ማን ነገረዎት?

አስናቀች፦ በስልክ ያናገረኝ ሰውዬ ነዋ! አንተ ፖሊስ ነህ?

ማንደፍሮ፦ ኧረ እኔ ምን አወቅሁና። ብቻ ጠበል ልሂድ እኔ። ጠበል የአባት የእናት ነው።

አስናቀች፦ ሄደህ አልነበር እንዴ?

ማንደፍሮ፦ ሄጄ ነበር። ድኜም ነበር። ሱባዬን ጨርሼ ስመለስ ነው ነገር የመጣው። ጓደኞቼ "እንኳን ለዚህ አበቃህ" ብለው አንድ ጠርሙስ አስከፈቱ።

አስናቀች፦ መዳንህን በአረቄ አከበርክ!

ማንደፍሮ፦ እምቢ ይባላል? የደስታ እኮ ነው።

አስናቀች፦ ለዚህ ነው እዚህ የምትገባው። ጠበሉማ የራሱን ሠርቷል፤ አንተን ያቃተህ ከጠበሉ እስከ ቤትህ ያለው መንገድ ነው። እነዚህ ሰዎች በዚያ መንገድ ላይ ነው የሚይዙህ። ሲያምርህ የምትደውልለት ሰው ይሰጡሃል።

ማንደፍሮ፦ ደውዬ ምን ልበለው? "ጤና ይስጥልኝ፣ አረቄ አማረኝ"?

አስናቀች፦ አዎ። እሱም "እኔም አምሮኛል" ይልሃል። ሁለታችሁም ሳትቀምሱ ታድራላችሁ።

ማንደፍሮ፦ ወግ ነው! ሁለት ፆመኛ ስለ ክትፎ ሲያወራ ማደር ማለት ነው።

አስናቀች፦ ቀልደኛ! ሚስትህ የት ናት?

ማንደፍሮ፦ ምን አመጣው አሁን ይሄን? እናቷ ዘንድ ናት።

አስናቀች፦ ምን ልትሠራ?

ማንደፍሮ፦ እናቷን ልታስታምም።

አስናቀች፦ እናቷንማ ክረምት ላይ አንተው አይደለህ የለፈፍካት? እሷስ የምር ሞታለች።

ማንደፍሮ፦ እሺ፣ ሄደች። ጥላኝ ሄደች። አሁን ደስ አለዎት?

አስናቀች፦ ምን ያስደስተኛል? እንድትገባ ነው የምፈልገው። በሞቴ ግባ።

ማንደፍሮ፦ በየትኛው ሞትዎ?

አስናቀች፦ አንተ!

ማንደፍሮ፦ እሺ እሺ፣ ይቅርታ። ግን ከውስጥ አንዱን አውቀዋለሁ። ያ ሁልጊዜ ከረባት አስሮ የሚሄደው፣ የ...

አስናቀች፦ ዝም በል! እዚያ ውስጥ ያየኸውን እዚያው ጥለህ ነው የምትወጣው። ደንባቸው ነው።

ማንደፍሮ፦ የሰፈር ለፋፊ ምስጢር ጠብቅ ሊባል!

አስናቀች፦ የአንተ ሥራ የሞተውን መናገር ነው፤ በሕይወት ያለውን ተወው። ሁለቱን እንኳ መለየት አቅቶህ ነው እዚህ የቆምነው።

ማንደፍሮ፦ ምስጢር አልጠብቅም ያለዎት ማነው? ሰው ሲሞት ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ። ስንቱ ቤት ገብቼ ስንቱን አይቻለሁ። አንዱን ከኔ አፍ ሰምተዋል?

አስናቀች፦ ሥራ ፈት! ጉራህን ለባለ ባጃጁ ንገረው። ለመሆኑ ለቀስተኛው ፊት ካፖርትህ ሲገለጥ ምን ነበር ዱብ ያለው? ዳዊት ነው? የአረቄ ጠርሙስ!

ማንደፍሮ፦ ወጣ። አልካድኩም።

አስናቀች፦ በጠዋት! ጠርሙስ በጉያው ሸጉጦ ሞታለች አልሞተችም ሊል!

ማንደፍሮ፦ እትዬ፣ እዚህ ላይ ይብቃን።

አስናቀች፦ ለምን ይበቃናል? መረረህ? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ ልጄ። መጀመሪያ "ለብርዱ ነው" ትላለህ። ቀጥሎ "ለእንቅልፍ ነው" ትላለህ። አንዲት ጉንጭ ነበረች፣ ጉንጯ ትሰፋለች። ከዚያ ሰው ሲመጣ እንዳያውቅ በሻይ ስኒ ትቀዳዋለህ። ቀለም እንዲይዝልህ ሻይ ጠብ ታደርግበታለህ። ስኳር ሁሉ አጠገቡ ታስቀምጣለህ...

ማንደፍሮ፦ እኔ በሻይ ስኒ ጠጥቼ አላውቅም።

አስናቀች፦ ምሳሌ ነው።

ማንደፍሮ፦ እኔ የምጠጣው በመለኪያ ነው። ሰው መሃል፣ እየዘፈንኩ። ስኒው የማን ነው?

አስናቀች፦ ምሳሌ ነው አልኩህ እኮ! ነገር በምሳሌ...

ማንደፍሮ፦ ጠጅ በብርሌ። አረቄ በሻይ ስኒ።

አስናቀች፦ አፍህን ያዝ! ትገባለህ አትገባም? ሰዓቱ አልፏል።

ማንደፍሮ፦ እርስዎ ይቅደሙ።

አስናቀች፦ እኔ ምን በወጣኝ!

ማንደፍሮ፦ ታዲያ እስከዚህ ድረስ ምን አደከመዎት? "ሂድ" ብለው ቤትዎ መቀመጥ አይችሉም ነበር?

አስናቀች፦ ከመንገድ ታጥፈህ ጠላ ቤት እንዳትገባ ነዋ። ደግሞ አጃቢ ይፈቀዳል። ሰው ይዞ የመጣ ከኋላ ይቀመጣል፣ አይጠየቅም። ከኋላ ተቀምጬ አይሃለሁ።

ማንደፍሮ፦ ከኋላ ተቀምጠው ይሰማሉ።

አስናቀች፦ እሰማለሁ።

ማንደፍሮ፦ በየሳምንቱ።

አስናቀች፦ እስክትድን ድረስ ነዋ!

ማንደፍሮ፦ ቶሎ ብድንስ?

አስናቀች፦ አትድንም! ምን ያጣድፍሃል? ቀስ ብለህ ነው የምትድነው።

ማንደፍሮ፦ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

አስናቀች፦ ምን አልክ?

ማንደፍሮ፦ ተረት ነው።

አስናቀች፦ ተረትህን ለብጤዎችህ ተርት። ወንድ ከሆንክ የምትለውን ፊት ለፊት በለኝ።

ማንደፍሮ፦ ልበል?

አስናቀች፦ በል!

ማንደፍሮ፦ የዚያን ቀን ጠዋት እኔ አልጠጣሁም ነበር።

አስናቀች፦ ድንቄም!

ማንደፍሮ፦ አባቴ ጥሩምባውን ሲሰጠኝ አስምሎኛል። "ከነፋህ በኋላ እንደፈለግህ ሁን፤ ሳትነፋ ግን አፍህ መጠጥ ላይ እንዳያርፍ። ሬሳ ፊት በአረቄ ጠረን አይቆምም" አለኝ። ማታ ማታ ግድግዳ ተደግፌ ነው ቤቴ የምገባው፣ አልክድም። ሚስቴም የሄደችው በዚያ ነው። ጠዋት ግን፣ ጥሩምባ ሳላነሳ፣ ጠብታ በጉሮሮዬ ወርዶ አያውቅም። በዚህ አልታማም ነበር፤ እርስዎ አሳሙኝ።

አስናቀች፦ ጠርሙሱስ? ጠርሙሱ ከሰማይ ወረደ?

ማንደፍሮ፦ እሱን እርስዎ ይንገሩኝ። በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈው፣ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ክር የታሰረበት።

አስናቀች፦ ቀስ በል። መንገድ ላይ ነን።

ማንደፍሮ፦ ተከራይዎ ሰብለ በሬን እየደበደበች "እትዬ አይነቁም" አለችኝ። በባዶ ሆዴ ሮጥኩ። ሶፋው ላይ ተዘርረው አገኘሁዎት። ጠራሁዎት፣ ነቀነቅሁዎት፣ ወይ ፍንክች! ሰብለ እየጮኸች ሰው ልትጠራ ወጣች። የኛ ሥራ ደንብ አለው፣ እትዬ። ሟች ቤት ቀድሞ የገባ ዓይን ይከድናል፣ ገመና ይሸፍናል፤ ጥሩምባው ከዚያ በኋላ ነው። ዓይንዎን ከድነዋል። ገመናው ግን እግርዎ ስር ወድቆ ይሸታል። ሴቶቹ ሳይደርሱ አንስቼ ካፖርቴ ውስጥ ከተትኩት። ስኒውንም በጋቢዬ ጫፍ ወለወልኩት።

አስናቀች፦ ማንደፍሮ...

ማንደፍሮ፦ የሞተ ሰው ነው የሸፈንኩት! የሸፈንኳት ሟች ተነስታ "ይሄ ሰካራም!" ብላ ትጮህብኛለች ብዬ በምን ልጠርጥር?

አስናቀች፦ ታዲያ እድሩ ሲጠይቅህ ለምን አልተናገርክም? ምላስ አልነበረህም?

ማንደፍሮ፦ ዝም አይነቅዝም። ደግሞ ብናገርስ ማን ያምነኛል? እኔ ሰካራሙ፣ እርስዎ ግማሹን ሰፈር ፊደል ያስቆጠሩ። ከዚያም በላይ የሸፈንኩትን ገመና መልሼ ከገለጥኩ ምን ጥሩምባ ነፊ ነኝ? ወሬኛ ነኝ እንጂ።

አስናቀች፦ እኔም... ጠርሙሱ ሲወድቅ አውቄዋለሁ።

ማንደፍሮ፦ እንዳወቁት አውቄያለሁ። ዓይንዎ መሬት ወረደ። ከዚያ ቀና ብለው "በጠዋት ጠርሙስ ሸጉጦ!" አሉ።

አስናቀች፦ ምን ልበል ታዲያ? "የኔ ነው" ልበል? ያ ሁሉ ሕዝብ አፉን ከፍቶ እያየኝ? ዳኛው እኮ ተማሪዬ ነበር! አንተ ላይ ቢጨመር ምን ይታወቃል አልኩ። ጥቁር ጨርቅ ላይ ጥላሸት አይታይም ብዬ ነው።

ማንደፍሮ፦ ለሚያየው አይታይም። ለጨርቁ ግን ይታወቀዋል።

አስናቀች፦ አንተም ብትሆን ንጹሕ አትምሰለኝ! ካልጠጣህ በምን ሞተች አልክ? የሰው እስትንፋስ አይሰማህም? እጅ አትጨብጥም? ያልጠጣ ሰው የተኛና የሞተ ይለያል።

ማንደፍሮ፦ ጨብጫለሁ።

አስናቀች፦ እና?

ማንደፍሮ፦ እጄ ጠዋት ጠዋት ይንቀጠቀጣል። ካልቀመስኩ አይረጋልኝም። የርስዎን እጅ ስይዝ የኔው ይርገበገባል። የማን የደም ሥር እንደሚመታ በምን ልለይ? ጣቴን አፍንጫዎ ስር ባደርግ ጣቴ ይዘላል። በቃ፣ ሄደዋል አልኩ። አልቅሻለሁም።

አስናቀች፦ ለኔ?

ማንደፍሮ፦ ልጅ ሆኜ በዚህ ብርድ ሹራብ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። በአለንጋ የላጡኝም እርስዎ ነዎት። አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ?

አስናቀች፦ አይ ማንደፍሮ! ሳትጠጣም ሰካራም ነህ ማለት ነው።

ማንደፍሮ፦ እርስዎም ሳይሞቱ ሟች ነዎት። አንዱን ሞት ለሁለት ነው የሠራነው። ጠርሙሱ ከርስዎ፣ እጁ ከኔ።

አስናቀች፦ አፈር ያስበላህ፣ አሳቅኸኝ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ነው የጀመርኩት። ሲመሽ ቤቱ ይጮህብኛል። ሬዲዮ ብከፍት ይጮህብኛል፣ ብዘጋው ይብሳል። ለእንቅልፍ ብዬ ነው። ደግሞ ማንም አያውቅም ብዬ ኮርቼ ነበር፤ አየህ ቂልነቴን? እዚህ በር ላይ ስቆም ዛሬ የመጀመሪያዬ አይደለም።

ማንደፍሮ፦ መቼ መጡ?

አስናቀች፦ ከመሞቴ በፊት። ዳክዬውን አይቼ ተመለስኩ። በሩን ልግፋው ብዬ እጄን ዘርግቼ "የሚያውቀኝ ቢኖርስ" አልኩና ተመለስኩ። ስንት ባለሥልጣን ቢሮ በእርግጫ የከፈትኩ ሴት፣ የሕፃናት በር መግፋት አቃተኝ።

ማንደፍሮ፦ ስለዚህ እኔ ላይ ፈረዱ።

አስናቀች፦ ፈረድኩ። ከአንተ ጋር ብታይ "ያንን ሰካራም ልታቃና ነው፣ እንዴት ያለች ደግ ሴት ናት" ይላሉ። ተንኮለኛ ነኝ፣ አውቃለሁ። በልብህ ስደበኝ።

ማንደፍሮ፦ ጨርሻለሁ፣ ቅድም ተሳድቤ ጨረስኩ። እትዬ፣ እኔ እገባለሁ። ሕፃን ወንበር ላይም እቀመጣለሁ፣ ሻዩንም እጠጣለሁ። ግን አንዲት ነገር ያድርጉልኝ። ነገ እድሩ ፊት "ጠርሙሱ የማንደፍሮ አይደለም" ይበሉ። የማን እንደሆነ አይናገሩ። የሱ አይደለም ብቻ።

አስናቀች፦ አንተ ደግሞ! የሱ ካልሆነ የማን ነው አይሉም? እቤት ውስጥ የነበርነው አንተና እኔ ነን። ሰብለ ጴንጤ ናት፣ ለስላሳ እንኳ ተጠራጥራ ነው የምትጠጣው። ማን ይቀራል? ድመቷ?

ማንደፍሮ፦ እንግዲያው ጥሩምባውን ነገ ራሴ አስረክባለሁ።

አስናቀች፦ ለምን? ከገባህ ያንተው ነው ተብሏል እኮ!

ማንደፍሮ፦ "በጠዋት ጠጥቶ የነፋ" እየተባልኩ? ያ ጥሩምባ የአባቴን ቃል ተሸክሞ ነው እኔ ጋ የደረሰው። በሐሰት ከምይዘው ባለ ባጃጁ በእውነት ይለፍፍ። እኔም ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት አፌን የምጠብቅበት ምክንያት አይኖረኝም። ያቺን አንዲት ጠዋት ነበር የያዝኩት፣ እትዬ። እሷን ከወሰዱብኝ ቀኑን ሙሉ ነው የምጠጣው። ይሄን ቤት ቢያስገቡኝ ባያስገቡኝ ዋጋ የለውም።

አስናቀች፦ አንተ ልጅ፣ ልታስፈራራኝ ነው?

ማንደፍሮ፦ እውነቴን ነው። ደግሞ ፈራሁ።

አስናቀች፦ እኔም እፈራለሁ እኮ! ጠላ ጠምቃ የምትኖር ሴት ብሆን ማን ግድ ይለው ነበር? እኔን ግን ሲያዩኝ ሰዎቹ አሁንም ሲጋራቸውን ይደብቃሉ። ነገ ምን ብለው ነው የሚያዩኝ?

ማንደፍሮ፦ ወይ ጣጣ! እትዬ፣ ወደ ግድግዳው ዞር ይበሉ። ከታች ወይዘሮ ዘነበች እየመጣች ነው።

አስናቀች፦ የትኛዋ ዘነበች? ያቺ ወሬኛ?

ማንደፍሮ፦ እሷው ናት። እኔ ጥሩምባዬን አንስቼ ከንፈሬን እስካሟሽ ሰፈሩን አዳርሳ የምትጠብቀኝ። አየችን። እጇን እያወዛወዘች ነው፣ በቃ አለቀልን። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሷ ጋ የደረሰ ነገር እድሩ ሳይሰበሰብ እድሩ ጋ ደርሷል።

አስናቀች፦ ምን ልበላት?

ማንደፍሮ፦ "ማንደፍሮን ላስገባው ነው" ይበሏት። እኔ ልምድ አለኝ፣ አንገቴን ደፍቼ እቆምልዎታለሁ። እኔ እንደሁ አንዴ የቆሸሸ ጨርቅ ነኝ።

አስናቀች፦ ክንድህን ስጠኝ።

ማንደፍሮ፦ ምን ሊያደርጉ ነው?

አስናቀች፦ ስጠኝ አልኩህ። ቀና በል ደግሞ፤ ሬሳ የተሸከምክ አታስመስለው።

ማንደፍሮ፦ ደረሰች፣ እትዬ። እየሳቀች ነው።

አስናቀች፦ እንዴት ዋልሽ ዘነበች! ምነው በዓይንሽ እሱን እሱን ታመለክቺያለሽ? እሱን አይደለም ያመጣሁት እቴ፣ እሱ ነው እኔን ያመጣኝ። ያ ጠርሙስም የኔ ነው። ነገ ለእድሩ ራሴ ቆሜ እናገራለሁ፤ አንቺ ግን እስከ ነገ ምን ያቆይሻል፣ ዛሬውኑ ንፊው!